የውድነሽ ስለት እና የእናቶቻችን ማኅበር

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ቡና ካለ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ከሌለም ለማታ አቆዩት።

ጥር 23 ሲደርስ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንደሚከበር የምታውቁት ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው፤ የዓድዋ ዘማች አባቶቻችንንና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ። ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አንድ ዓመት ታዲያ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የሴቶቹስ ማኅበር መቼ ተመሠረተ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። «የሴቶቹ ማኅበርማ ጠላ መጠጫ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ያቺ ልጅ ዛሬ ይህን ጽሑፍ ካየችው ይቅርታዬን ትቀበለኝ። መልሱን ያገኘሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ እዚሁ ግምጃ ቤት፣ እናቴ ቤት ነው።

የጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ ለብዙዎቻችሁ መንገር አያስፈልግም። አዲስ አበባም ውጭ አገርም ተወልደው ለሚያነቡኝ ልጆች ግን በአጭሩ ልበል። ጎረቤትና ወዳጅ የሆኑ ሰዎች በአንድ ታቦት ስም ይሰበሰባሉ። እናቶቻችን ብዙዎቹ የማርያምን ነው የሚጠጡት፤ ወር በገባ በ21። ተራዋ የደረሰ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ንፍሮም ቆሎም ታቀርባለች። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል። ጽዋው ከአንዷ ወደ ቀጣዩዋ ተረኛ በክብር ይሸጋገራል። የማኅበሩ መሪ «ሙሴ» ይባላል። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ብትታመም ይጠይቋታል፣ ብታዝን አብረው ይቀመጣሉ፣ ሁለቱ ቢጣሉ ያስታርቋቸዋል። የተጣላ ሰው ጽዋ አይጠጣማ! መዝገብ የለውም፣ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ ማኅተም የለውም። ለዚህ ነው እኛ የታሪክ መምህራን የማናየው። ወረቀት የሌለው ነገር ለኛ የሌለ ነው።

በ2016 ዓ.ም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እኔም እንደሌላው መምህር ቤት ዋልኩ። ስልክ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ኢንተርኔቱን ተዉት። መጻሕፍቴን አቧራቸውን እያራገፍኩ ስደረድር እናቴ ወፍራሙን መጽሐፍ አየችና «ይሄ የውድነሽ መጽሐፍ አይደለም?» አለችኝ። ፍቅር እስከ መቃብር ነበር።

እኔ ያን መጽሐፍ «የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መጽሐፍ» ሲባል ነው የማውቀው። «የጉዱ ካሳ» የሚሉም አሉ፤ ወንዶች በተለይ። የውድነሽ መጽሐፍ ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ መጽሐፉን አንብባው አታውቅም። የሰማችው በሬዲዮ ነው። በደርግ ጊዜ የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅቱ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በድምፁ ተርኮት ነበር። ያ ድምፅ ስንቱን ቤት እንደገባ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። እናቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ናት። በሰፈሩ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነው። ድንጋዩ እንዳያልቅ ለሌላ ነገር አይከፈትም፤ ለዜናና ለወጋየሁ ብቻ። ሴቶቹ ጥጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ እየፈተሉ ይሰማሉ። ከመካከላቸው አማርኛ በደንብ የማይሰሙ አሉ፤ የሚሰሙት በአውኚ ይነግሯቸዋል። ወጋየሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ከጀርባ ትርጉሙ ይከተላል ማለት ነው። ወዳጆቼ፣ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ አውኚ ከነሱ ውስጥ አልነበረም። የኛ ሴቶች ግን ትልቁን የአማርኛ ልብ ወለድ ከዚያው ከሬዲዮው ሥር ሆነው በገዛ ቋንቋቸው ሲያስተረጉሙት ነበር። ይህን የመዘገበ የለም።

ስለ መጽሐፉ ትንሽ ልበል። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው የተወለዱት፣ በ1902 ዓ.ም። አባታቸው ቄስ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አልፈዋል። በጣሊያን ወረራ ዘምተው ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን አገር በግዞት ኖረዋል። ከዚያም ዲፕሎማት፣ ሚኒስትር ሆነዋል። ፍቅር እስከ መቃብር የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። ታሪኩ የሚነሳው ከማንኩሳ ነው። ከኢንጅባራ ተነስታችሁ በቲሊሊ አድርጋችሁ፣ ቡሬን አልፋችሁ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ማንኩሳ! ስንቶቻችን ነን በአጠገቧ አልፈን በመስኮት እንኳ ያላየናት።

ማንኩሳ ላይ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ውድነሽ ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ሰው «ገፊ» ይላታል። በኋላ ዕድሜ በዛብህን ወለዱ። ለልጃቸው ሕይወት ሲሉም ስለት ተሳሉ፦ ካደገ የእግዚአብሔር አገልጋይ ይሆናል፣ ሚስት አያገባም። ልጁ አደገ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ሄዶ ቅኔ ተማረ፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ወደዳት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአንድ በኩል የዘር ሐረግ፣ በሌላ በኩል እናትና አባት የተሳሉት ስለት። ልጁ መሐል ላይ ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ መጽሐፉን ስጠቅስ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነበር የማነሳው። ፊውዳሊዝም፣ ባላባት፣ ገባር፣ ጉዱ ካሳ። ፈተናም ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ስለቱን «የጊዜው ልማድ» ብዬ በአንድ መስመር አልፈው ነበር።

ለነገሩ የአማርኛ ልብ ወለድ ከእግዚአብሔር ጋር ያለው ወሬ ከፍቅር እስከ መቃብር በፊት ነው የጀመረው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው፣ የሚያልቀው በጥምቀትና በጋብቻ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም ያወጡት «ወዳጄ ልቤ» ደግሞ የሰው ልብ በምሳሌ የሚመረመርበት ነው። ጽሑፉን የሚያውቁ ሰዎች ከእንግሊዛዊው ሰባኪ ከጆን በንያን የክርስቲያን ጉዞ ጋር ያዛምዱታል። ስለዚህ በኛ አገር ልብ ወለድ ሲወለድ ጀምሮ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ እግዚአብሔር ከሰው ምን ይፈልጋል? ደራሲዎቹ ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። መልሱን ቁጭ ብለው የመረመሩት ሴቶች እነማን ናቸው ብትሉኝ፣ እኔ የማውቃቸው እናቴ ቤት የተሰበሰቡት ናቸው።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል። «እስቲ አንብብልኝ» አለች። ማንበብ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት መጣች፤ በሦስተኛው ሁለት። ሳምንት ሳይሞላ የማኅበሩ ሴቶች ግማሾቹ እናቴ ቤት ናቸው። በ21 ብቻ ብናነበው ኖሮ ዓመታት ይፈጅብን ነበር። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ፣ በበዓል ቀንም ሲያመች እያነበብን ቀጠልን። የሚያነበው እኔ ነኝ። የሚያስቆመኝ ማንም ነው። «ቆይ እስቲ ድገማት» ይላሉ። እደግማለሁ። ክርክሩ ሲሞቅ አማርኛው ይቀርና ወደ አውኚ ይገባሉ። ያኔ እኔ መምህር መሆኔ ይቀራል፤ ስኒ አመላላሽ ነኝ።

ስለቱ ጋ ስንደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ክርክር ተነሣ።

በዕድሜ ትልቋ እናት «ስለት ስለት ነው፤ በእግዚአብሔር አይቀለድም» አሉ። ማስረጃቸውንም አቀረቡ። «እመቤታችንስ የስለት ልጅ አይደለችም? ሐና እና ኢያቄም ተስለው አይደለም የወለዷት? በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ ያስገቧት ስለታቸውን ሊፈጽሙ አይደለም?» እውነት ነው። በዓታ ለማርያም ብለን ታኅሣሥ 3 የምናከብረው እኮ ይህንኑ ነው።

እናቴ ደግሞ የሳሙኤልን እናት ሐናን አመጣች። መካን ነበረች፣ አለቀሰች፣ ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ለአንተ እሰጠዋለሁ ብላ ተሳለች፣ ጡት አስጥላ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። «ታዲያ ውድነሽ ከሐና ምኗ ያንሳል?» አለች።

እኔ እዚህ ላይ አፌን ከፈትኩ። ምነው በዘጋሁት! «ስለት በዚያ ዘመን ገዢው መደብ ሕዝቡን…» ብዬ ስጀምር አንዷ «አንተ ልጅ፣ ቡናውን አቅርብ» አለችኝ። አቀረብኩ።

ከዚያ በፊት ብዙም የማትናገር አንዲት እናት ነበረች፤ ጥግ ላይ ነው የምትቀመጠው። ስሟን አልጠራም። ይህን እንድጽፍ ግን ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ሰው የሚለያትን ነገር ሁሉ አውጥቼዋለሁ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «እኔም ተስያለሁ» አለች።

ልጇ በሕፃንነቱ በጠና ታሞ ነበር። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፣ ጊዜው ክረምት ነው። ማታ ታቅፋው «ይህን ልጅ አትርፍልኝ፤ የአንተ አገልጋይ ይሁን፤ እኔ የልጅ ልጅ አልፈልግም» አለች። ልጁ ዳነ። ለአንድም ሰው አልተናገረችም፤ ለባሏም። ለአቅመ ትምህርት ሲደርስ ቆሎ ትምህርት ቤት ሰደደችው። ልጁ ጥቂት ዓመት ተምሮ ተወው። ባሕር ዳር ሄዶ የመኪና ረዳት ሆነ። እግሩን ተሰበረ። እሷ ቤት ደግሞ ላሟ ሞተችባት። ልጁ አሁን ሊያገባ ነው፤ ልጅቱንም አምጥቶ አሳይቷታል። እሷ ግን ምርቃት ከለከለችው። ምክንያቱን አልነገረችውም። «አልወደደችልኝም» ብሎ ነው የሄደው። እሷ የምታስበው ሌላ ነው። እግሩ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ካገባማ ነፍሱን ይወስድብኛል ብላ ነው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ» አለች፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር ባለዕዳዬ መጣ እላለሁ።»

ልብ በሉልኝ። እግዚአብሔርን ነው ባለዕዳዬ ያለችው፤ ገንዘቡን ሊጠይቅ የሚመጣ አበዳሪ ማለቷ ነው። ይህች ሴት ቅዳሴ የማትቀር፣ ሰባቱን አጽዋማት የምትጾም ሴት ናት።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ጠላ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች፣ ምላሷ የማይቻል አንዲት ማኅበርተኛ አለች፤ እሷ ናት ዝምታውን የሰበረችው። «ምነው እታለም» አለቻት፣ «እግዚአብሔር ፊታውራሪ መሸሻ ነው እንዴ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዳንዶቹ አማተቡ። እኔ ግን ይህን ንግግር እስካሁን አስበዋለሁ። አሥር ዓመት ታሪክ አስተምሬ እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልወጣኝም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በጎጃም ገበሬው ርስት ነበረው። ግን በርስቱ ላይ ለጉልተኛው ይገብር ነበር። ግብሩ በሕግ ከተቆረጠው ይልቅ በልማድ ላይ የሚንጠለጠል ነው። የበዓል መስተንግዶ፣ ማር፣ ሙክት፣ ጉልበት። ባላባቱ ሲቆጣ ይጨምራል፣ ሲደሰት ይምራል። በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬዎቹ ጋር የሚጋጩት በዚሁ ነው፤ አበጀ በለው የሚባል ጀግና አስነሥቶባቸው ይማርካቸዋል። ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960 ዓ.ም፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ ተነሥቷል። ነገሩ ከብዶ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ እስከ መነሣት ደርሰዋል። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም እስኪታወጅ ድረስ የእናቶቻችን አባቶች የኖሩት በዚህ ሥርዓት ነው። ትልቋ እናት አባታቸው ማር ተሸክመው ወደ ባላባት ቤት ሲሄዱ በዓይናቸው ያዩ ናቸው።

እንግዲህ ሰው ጌታ ሲባል የሚያውቀው ያንን ከሆነ፣ በሰማይ ያለውን ጌታስ በምን ይመስለዋል? ግብር ሲጓደል የሚቆጣ፣ ላም የሚነዳ፣ ልጅ መያዣ የሚወስድ አድርጎ ነው። አዋጁ የምድሩን ባላባት አነሣ። በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ባላባት ግን አዋጅ አያነሣውም። ያቺ እናት ከመሬት አዋጁ በኋላ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ሆኖም ሃያ ዓመት ስትገብር የኖረችው ለፊታውራሪ መሸሻ ነው፤ እግዚአብሔር መስሏት።

«ፊታውራሪ መሸሻ ነው እንዴ?» ከተባለ በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። ስለት ይፈጸማል አይፈጸምም የሚለው ቀርቶ፣ እግዚአብሔር ምን ዓይነት ነው ወደሚለው ሄደ። አንዷ አብርሃምን አነሣች፦ ይስሐቅን ሊሠዋ ቢላዋ ሲያነሣ በጉን የሰጠው ማን ነው? ሌላዋ በላዔ ሰብን አመጣች። ተአምረ ማርያም ሲነበብ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ያን ሁሉ ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው ሚዛኑ ያጋደለለት። «ለሱ ጥርኝ ውኃ ከበቃ፣ ለአንቺ የሃያ ዓመት ዕንባ አይበቃም?» አለቻት።

እኔም ያን ሌሊት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጬ አደርኩ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት እንደዚያ ፈልጌ አንብቤ አላውቅም። ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው፣ የሐና ልጅ ሳሙኤል ሚስት አግብቶ ወልዷል! በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 የልጆቹ ስም ሳይቀር ተጽፏል፤ ኢዮኤልና አብያ። ለእግዚአብሔር መሰጠቱ ከማግባት አልከለከለውም። ሁለተኛው፣ መሳፍንት ምዕራፍ 11 ላይ ዮፍታሔ አለ። ከቤቴ መጀመሪያ የሚወጣውን እሠዋለሁ ብሎ ተስሎ አንዲት ልጁ እየዘፈነች ወጣችበት። ያን ሳነብ ውድነሽ ትዝ አለችኝ። ሁለቱም ለእግዚአብሔር የሰጡት የራሳቸውን አልነበረም። የሌላ ሰው ሕይወት ነው የተሳሉት።

በቀጣዩ እሁድ ይህን ነገርኳቸው። በዚህኛው ጊዜ ቡና አቅርብ ያለኝ የለም። «ሳሙኤል አግብቷል?» አለች እናቴ። «አግብቷል።» «እና ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም?» መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ በእኛ ወሬ የሚያልቅ አይደለም። በ21 የማኅበሩ ቀን የንስሐ አባታቸው ሊባርኩ ሲመጡ ያቺ እናት ቀርባ ጠየቀቻቸው። አባ አዛውንት ናቸው፤ ቶሎ አይናገሩም። መጀመሪያ «ስለት ቀልድ አይደለም፤ ስላለቀስሽ ብቻ የሌለ አላደርገውም» አሏት። ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ግን ዘሌዋውያን ምዕራፍ 27ን አነሡ። ሰው ነፍስን ተስሎ እንደሆነ በግምቱ ብር ከፍሎ እንዲዋጅ ሕጉ ራሱ መንገድ አብጅቷል አሉ። ግምቱም በዕድሜ ተቆጥሯል፤ ከ20 እስከ 60 ዓመት ለሆነ ወንድ 50 ሰቅል፣ ለሴት 30።

«አይ፣ ሴት እዚያም ቅናሽ ናት?» አለች ያቺ ጠላ ሸያጯ። አባም ሳቁ።

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም» አሉ። «ከዚያ ቀጥሎ ምን ይላል? የተሳለው ሰው ድሃ ሆኖ ግምቱን መክፈል ቢያቅተው፣ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለት ይላል። እግዚአብሔር ሕጉን ሲሰጥ እንዳንቺ ያለ ድሃ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር።» ከዚያም አቅሟን ጠየቋት። በየዓመቱ ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ የሚሆን ስንዴና ጧፍ እንድታገባ፣ ጸሎት እንድታደርግ ነገሯት። ልጁን ግን «እሱ አፉን ከፍቶ አልተሳለም፤ ማገልገል ቢፈልግ በራሱ እግር ይመጣል» አሉ።

ትልቋ እናት አልተዋጠላቸውም። ዛሬም አልተዋጠላቸውም። «አባ ፈተዋል፣ እቀበላለሁ፤ እኔ ብሆን ግን እፈራለሁ» ነው የሚሉት። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ በማኅበሩ ሁሉም አንድ ልብ ሆነ ብል ውሸት ነውና። ፍርሃት ሰባ ዓመት አብሮ ኖሮ በአንድ መጽሐፍ አይወጣም። እሳቸውን አልፈርድባቸውም።

መጽሐፉን የጨረስነው ከወራት በኋላ ነው። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ። ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች። ስታገኘው ሊሞት ነው። ከሞተ በኋላ እውነተኛ መነኩሲት ሆና መቃብሩ አጠገብ ትኖራለች። ቤቱ ሙሉ አለቀሰ። እኔ ድምፄ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ውኃ ጠጣሁ።

ዕንባው ሲያልፍ እናቴ አንድ ነገር ተናገረች። «ስለቱን የከፈለችው እሷ ናት» አለች። በዛብህ እንዲለብሰው የተሳሉትን ቆብ የደፋችው ሰብለ ናት ማለቷ ነው። ወላጆቹ ተሳሉ፣ ልጁ ተጨነቀበት፣ ዕዳውን ግን ስለ ስለቱ የሚጠይቃት የሌለ ሴት ልጅ ከፈለችው። «ግን» አለች እናቴ ቀጥላ፣ «እግዚአብሔር ጠይቋት ይመስልሃል?» ደራሲው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ይህን ጥያቄ ወስጄ እሰጣቸው ነበር። በ1996 ዓ.ም አርፈዋል።

የጥግዋ እናት ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው ለውድነሽ ነው። «አልነገረችውም እኮ ከማለት ነገረችው፤ እኔ እንኳ አልነገርኩትም» አለች። ውድነሽ ክፉ እናት አልነበረችም። ልጄ ይኑርልኝ ብላ ያላትን ሁሉ አቀረበች። ጥፋቷ አንድ ነው፦ እግዚአብሔር ያለ ዋጋ የሚሰጥ አልመሰላትም።

አንድ ቀን ኔትወርክ ሲመጣ ያቺ እናት ስልክ ይዛ ወደኛ ቤት መጣች። ቁጥር መምታት አትችልም። ደወልኩላት። ልጇ አነሣ። ብዙ አላወራችም። «ታመህ ሳለህ ያልኩት ነገር ነበር፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የልጅቱ አይደለም» አለችው። ከዚያ ምርቃት ጀመረች። እኔ ስልኩን ሰጥቻት ወጣሁ። የቀረው የእናትና የልጅ ነው።

እንግዲህ የተማሪዬ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የሴቶቹ ማኅበር መቼ ተመሠረተ? ቀኑን አላገኘሁትም። ምን እንደሚሠራ ግን አየሁ። እዚያ ጠላና ዳቦ መሐል፣ ሴቶቻችን በሊቃውንት ጉባኤ የሚነሣውን ጥያቄ በራሳቸው ቋንቋ ያነሣሉ፤ በላም፣ በልጅ፣ በዕዳ ምሳሌ ያመሳጥሩታል። ሬዲዮ ሲመጣ በሬዲዮ፣ መጽሐፍ ሲገኝ በመጽሐፍ፣ ሁለቱም ሲጠፋ በተአምረ ማርያም። እኛ የተማርን የምንባል ፍቅር እስከ መቃብርን አንብበን ፊውዳሊዝምን አወገዝን። እነሱ ፊውዳሉን ከእግዚአብሔር ወንበር ላይ አስነሡት። የቱ እንደሚከብድ ፍረዱ።

የፈረሰኞቹ ማኅበር ታሪክ ይጻፍ፤ ክብራችን ነው። የነዚህም ይጻፍ። እናት ያላችሁ፣ አያት ያላችሁ፣ በቀጣዩ ስትሄዱ «ማኅበራችሁ ማን ጀመረው? ሬዲዮ ላይ ምን ሰማችሁ? ስለ ምን ተከራከራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ወይ ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ ተማሪ ሆና የጠየቀችኝን ልጅ ስቄባት አሥር ዓመት ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ።

አሁን ደግሞ ሴቶቹ «ቀጣዩ መጽሐፍ ምንድነው?» እያሉኝ ነው። የዚያው ደራሲ «ወንጀለኛው ዳኛ» አለ አልኳቸው። ርእሱን ሲሰሙ ያቺ ጠላ ሸያጯ «ይሄማ አሁኑኑ ይጀመር» ብላለች።

ቸር ያሰማን። ከግምጃ ቤት።